የወንበሩ እምብርት

ወንድሜ ከከብት መኪና ላይ የወደቀው ዲዳ ጋልጋሉ በረሃ ውስጥ ነው። ያን ጊዜ ከሞያሌ ወደ ናይሮቢ የሚወስደው መንገድ አስፋልት አልነበረውም። ጥቁር ድንጋይና አቧራ ነበር፤ ሲዘንብ ደግሞ ጭቃ። ከብት የጫነ መኪና ሲጓዝ ረዳቶቹ ከከብቶቹ በላይ በተጋደመው ብረት ላይ ይቀመጣሉ። ወንድሜ ረዳት ነበር፤ በእኛ ከተማ ታንቦይ ይባላል። በሬ ሲወድቅ ሌሎቹ እንዳይረግጡት ጅራቱን ይዞ ማስነሳት የእሱ ሥራ ነበር። መኪናው ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ሲወጣ እጁ ከብረቱ ተላቀቀና ተወረወረ። ራሱን አልሳተም። ሹፌሩ ሮጦ ሲደርስ በጀርባው ተንጋሎ፣ "እግሬ ላይ ድንጋይ አለ እንዴ? አንሳልኝ" አለው። እግሩ ላይ ምንም አልነበረም።

ማርሳቢት፣ ከዚያም ናይሮቢ ሆስፒታል ተኝቶ ብዙ ቆየ። ቤት ሲመልሱልን እኔ ፎርም ቱ ነበርኩ፤ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቴን ሁለተኛ ዓመት ጀምሬያለሁ። ቤታችን ቡቲዬ ነው፤ ከከተማው ትንሽ ወጣ ብሎ፣ ፍየል ከሰው በሚበዛበት ሰፈር። አባታችን ከኢትዮጵያ ተሰደን በመጣንበት ጊዜ በመጠለያ ጣቢያው ታሞ ስላረፈ ቤቱን ያቆመችው እናቴ ናት። በረንዳው ላይ በእግር የምትረገጥ የልብስ ስፌት መኪና ነበረቻት፤ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም፣ የሙሽራ ቀሚስ፣ የተቀደደ ሸራ ሳትል ትሰፋለች። ወንድሜ በዕድሜ ብዙ ስለሚበልጠኝ "ወንድም ጋሼ" እያልኩ ነው የምጠራው። እኔ እንድማር እሱ ትምህርቱን ትቶ መኪና ላይ የወጣ ሰው ነው።

ሐኪሞቹ ከወገቡ በታች ያለው አካሉ ከእንግዲህ እንደማይታዘዝለት፣ ስሜትም እንደማይኖረው ለእናቴ ነግረዋታል። በተኛበት በየጊዜው እንድታገላብጠው አጥብቀው አሳስበዋታል። እሷም ስፌቷን ታቆምና ትገባለች፣ ታገላብጠዋለች፣ ተመልሳ ትሰፋለች። እሱ ግን ሰው ሊጠይቀው ሲመጣ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። ጎረቤቶቻችን በቦረንኛም በአማርኛም አጽናንተው ሲወጡ እናቴ እስከ በሩ ትሸኛቸውና እዚያው ቆማ ትቀራለች።

አንድ ቀን ገላውን ስታጥበው ጠራችኝ። ከመቀመጫው ከፍ ብሎ፣ አጥንቱ ላይ፣ ቆዳው ጠቁሮ ተከፍቷል።

"ያምሃል?" አለችው።

"ምንም አያመኝም።"

"እኔም የፈራሁት እሱን ነው" አለች።

በዚያ ዕድሜዬ ሕመም ክፉ ነገር ብቻ ይመስለኝ ነበር። ለካ እኛ እንቅልፍ ውስጥ ሆነን እንኳ የምንገላበጠው ሥጋችን ስለሚነግረን ነው። ሲጎዳን ሳናውቀው እንዞራለን። ወንድሜን የሚነግረው አልነበረም። ስለዚህ እናቴ በእሱ ፈንታ የምትታመም ትመስል ነበር፤ ስፌት ላይ ሆና በድንገት ትነሳና፣ "ቆየ እኮ፣ ልየው" ትላለች።

ከእኛ ቀጥሎ ባለው ሰፈር፣ ሄሉ ውስጥ፣ አንድ ሽማግሌ ሲያርፉ ቤተሰቦቻቸው ሽማግሌው ይቀመጡበት የነበረውን ባለጎማ ወንበር ላኩልን። የሆስፒታል ወንበር ነበር፤ ከኋላ ሁለት ትልልቅ ቀጫጭን ጎማዎች፣ ከፊት ጡጫ የሚያህሉ ሁለት ትንንሽ ጎማዎች ነበሩት። ለለሰለሰ ወለል የተሠራ ነው። የእኛ ግቢ ግን ቀይ አሸዋና ጠጠር ነው። ወንድሜን አስቀምጠን ገና ከበረንዳው እንደራቅን የፊት ጎማዎቹ ሰመጡ። ከኋላ ስገፋው ጭራሽ ተቀበሩ። በመጨረሻ ጎረቤቶች መጥተው ከነወንበሩ ተሸክመው መለሱት። ዓይኑን ጨፍኖ ነበር። አልጋው ላይ ሲያስተኙት፣ "ሁለተኛ እንዳታወጡኝ" አለ።

ፊዚክስ እፈራ ነበር። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው፤ ቃሉን እሸመድዳለሁ፣ ፈተና ላይ እጽፈዋለሁ፣ ምን ማለት እንደሆነ ግን አላውቅም። አስተማሪያችን ከምዕራብ ኬንያ የመጡ ወጣት ነበሩ። የትምህርት ቤታችን ላቦራቶሪ ብዙ ዕቃ ስላልነበረው ከሜዳ ያገኙትን ይዘው ይገባሉ። አንድ ጠዋት ሳፋ ሙሉ አሸዋና አንድ ጡብ ይዘው መጡ። ጡቡን በሰፊ ጎኑ አሸዋው ላይ አጋደሙት፤ ብዙም አልሰመጠም። ቀጥሎ በጠባቡ አቆሙት፤ ሰመጠ።

"ጡቡ ከበደ እንዴ?" አሉን።

"አልከበደም።"

"ታዲያ ምን ተለወጠ?"

ክፍሉ ሁሉ ጡቡ ላይ አፈጠጠ። እኔ ግን የማየው ጡቡን አልነበረም። የወንበሩን የፊት ጎማዎች ነበር የማየው፤ ቀጥሎ ደግሞ የወንድሜን ቁስል። እንባዬ መጣ። ደወል ሲደወል ሌሎቹ ወጡ፣ እኔ ቀረሁ።

"ምን ሆነሽ ነው?" አሉኝ በስዋሂሊ።

ሁሉንም ነገርኳቸው። ስጨርስ "ፖሌ" አሉ፤ አይዞሽ እንደማለት ነው። ትንሽ አሰቡና፣ "ወንበሩን መጥቼ ባየው ወንድምሽ ይቀየማል?" አሉ።

"እኔ እንጃ።"

"እስቲ ጠይቂልኝ።"

ወንድሜ እሺም እንቢም አላለም። ቅዳሜ ከሰዓት መጡ። እናቴ የት እንደምታስቀምጣቸው ጨንቋት ሽር ጉድ ስትል፣ እሳቸው ወንበሩ አጠገብ ቁጢጥ ብለዋል። ገለበጡት፣ ጎማዎቹን አሽከረከሩ፣ እያንዳንዱን ብሎን በጣታቸው ነካኩ። ከዚያ ወደ አልጋው ዞረው፣ ጀርባውን ለሰጣቸው ወንድሜ፣ "አንተ በረሃ ስታቋርጥ የኖርክ ሰው ነህ። መኪና አሸዋ ውስጥ ሲያዝባችሁ ምን ታደርጉ ነበር?" አሉት።

እናቴ ይቅርታ ልትጠይቅለት አፏን ስትከፍት በእጃቸው እንድትቆይ ምልክት ሰጧት።

"ከጎማው አየር እንቀንሳለን" አለ ወንድሜ፣ ለግድግዳው።

"ለምን?"

"ጎማው እንዲንጣለል ነዋ። ሲንጣለል አይሰምጥም።"

"መኪናው ቀለለ ማለት ነው?"

"አይቀልም። ክብደቱን ብዙ አሸዋ ይካፈለዋል።" ይህን ሲል ዞረ። ከሆስፒታል ከተመለሰ ወዲህ ፊቱን ለእንግዳ ሲሰጥ ያየሁት ያኔ ነው።

አስተማሪዬ ወደ እኔ ተመለከቱ። "ሰማሽ? ሰሞኑን በጡቡ ያሳየኋችሁ ይኸው ነው።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ ወንበሩ አልጋው አጠገብ ቆመ። ወንድሜ ተኝቶ ያየዋል። ከትምህርት ቤት ስመለስ ቦርሳዬን ሳላስቀምጥ ጥያቄ ይጀምራል። የክፍሉን ትምህርት በአማርኛ እንዳስረዳው ይፈልጋል፤ እኔ ደግሞ የአማርኛውን ቃል አላውቅም። በስዋሂሊም፣ በቦረንኛም፣ በእጄም እሞክራለሁ። ጡቡ አሸዋው ላይ የሚያደርገውን "ግፊት እንበለው" ያለው እሱ ነው። ብዙ ቆይቶ ከአዲስ አበባ የመጣ የተማሪ መጽሐፍ ውስጥ ያንኑ ቃል ሳገኘው ደነገጥኩ።

የፊቶቹን ትንንሽ ጎማዎች ጣልናቸው። በምትካቸው አንድ ወፍራም የእጅ ጋሪ ጎማ ብቻ፣ ወደ ፊት ርቆ በወጣ ቱቦ ጫፍ ላይ ወደ ግራም ወደ ቀኝም የሚዞር እንዲሆን ወንድሜ ወሰነ።

"አንድ ብቻ?" አለች እናቴ። "ልትወድቅ ነው እንዴ?"

"በርጩማሽን አምጪውና እዚያ ጠጠር ላይ አስቀምጪው።"

በርጩማዋ ሦስት እግር ነበራት። ጠጠሩ ላይ ቀጥ ብላ ቆመች። ባለአራት እግሩን ወንበር እዚያው ሳስቀምጠው አንዱ እግር አየር ላይ ቀረና ተንገዳገደ። እናቴ ሁለቱንም በየተራ ተቀምጣ ሞከረቻቸው፤ ከዚያ ወደ ስፌቷ ተመለሰች።

ብየዳውን የሠሩልን ገበያው አጠገብ የሚሠሩ ቦረና ፉንዲ ነበሩ፤ ፉንዲ ማለት የእጅ ባለሙያ ነው። መብራት ሲጠፋ ሥራ ይቆማል፣ መብራቱ ደግሞ ቶሎ ቶሎ ይጠፋል። ከትምህርት ቤት ስመለስ በዚያ በኩል እዞርና ቱቦውን እይዝላቸዋለሁ። "ዓይንሽን!" ሲሉኝ ፊቴን አዞራለሁ። የጋለ ብረት ሲቀዘቅዝ እንደሚኮማተርና ቀጥ ያለውን ቱቦ ጎትቶ እንደሚያጎብጠው ያየሁት እዚያ ነው። በአንድ ወገን ብቻ ከበየዱ ይጣመማል፤ ስለዚህ ጥቂት በዚህ፣ ጥቂት በዚያ እያሉ ነው የሚሄዱት። ትምህርት ቤት ስለ ሙቀትና ብረት የተማርን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳልሸመድድ ገባኝ።

ወንበሩ ሲያልቅ የኋላዎቹን ትልልቅ ጎማዎች ወደ ፊት አመጣናቸው፤ ከፊተኛው ጎማ ላይ ክብደት ለመቀነስ ብለን ነው። ፉንዲው ጎማዎቹ የሚታሰሩባቸውን ቀዳዳዎች በርከት አድርገው ስለበሱልን ቦታቸውን መቀያየር ይቻላል። ወንድሜን አስቀመጥነው። ግቢውን በራሱ እጅ ዞረ። እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ታየዋለች። ከአጥሩ በር ወደ መንገዱ የሚያወጣ አጭር ዳገት አለ። እዚያ ሲደርስ ጎማዎቹን ጨብጦ በኃይል ገፋ። የፊተኛው ጎማ ከመሬት ተነሳ፤ ወንበሩ ወደ ኋላ ተገለበጠ፤ ጭንቅላቱ መሬት መታ።

እናቴ ጮኸች። ሮጬ ላነሳው ስል፣ "ተይኝ!" አለ። "አታንሺኝ። መጀመሪያ ጎማው የት ጋ እንዳለ እይ።"

"ደምቷል እኮ ራስህ!"

"ደሙ ይቆያል። መቀመጫው ከጎማው ወደ ኋላ ነው ወይስ ወደ ፊት? እይልኝ።"

እግሮቹ ወደ ሰማይ እንደተሰቀሉ፣ ጭንቅላቱ አሸዋ ውስጥ እንዳለ ይጠይቀኛል፤ እኔ እያለቀስኩ እመልስለታለሁ። እናቴ ደሙን በነጠላዋ ጫፍ ያዘች። በዚያች ሰዓት በጣም ፈርቼ ነበር፤ ግን ድምፁ የድሮው ድምፁ እንደነበረም ልብ ብያለሁ። መኪና ሲበላሽ እንዲህ ነበር የሚናገረው ማለት ነው ብዬ አሰብኩ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ አስተማሪዬ መጡ። እናቴ ጠንካራ ክር ሰጠችን፣ ጫፉ ላይ የብሎን ዳዶ አስረን እንደ ግንበኛ ቱንቢ ቀጥ ብሎ የሚንጠለጠል ነገር አበጀን። ወንበሩ ጎን ላይ ካርቶን አሰርን። ወንድሜ ተቀምጦ፣ እኛ ከኋላ ይዘን ቀስ እያልን አጋደልነው፤ ወደ ፊትም ወደ ኋላም መውደቅ የማይፈልግበት ቦታ አለ። እዚያ ሲደርስ በአንድ ጣት ይያዛል። የክሩን አቅጣጫ፣ ከጎማው መሃል ወደ ላይ፣ በጠመኔ ካርቶኑ ላይ አሰመርን። ከዚያ ጎማዎቹን ወደ ሌላ ቀዳዳ ወስደን እንደገና አጋደልነው፤ እንደገና አሰመርን። ሁለቱ መስመሮች ተቋረጡ።

ወንድሜ ጎንበስ ብሎ አየ። መስመሮቹ የተገናኙት ልክ ከሆዱ ትይዩ ነበር።

"እምብርቴ ጋ ነው" አለ።

"በእንግሊዝኛ ሴንተር ኦፍ ግራቪቲ ይባላል" አሉ አስተማሪዬ። "አንተና ወንበሩ አንድ ላይ ያላችሁ ክብደት ሁሉ እዚያች ነጥብ ላይ ያለ ያህል ነው።"

"እንግዲህ የወንበሩ እምብርት ነዋ።"

ወንበሩን በሳንቃ ላይ እያጋደልን ክሩን ከዚያች ነጥብ ላይ አንጠለጠልነው። ሳንቃው ሲነሳ ክሩ ወደ ኋላ ጎማ ይጠጋል፤ ጎማው መሬት ከነካበት አልፎ ወደ ኋላ ሲሄድ ወንበሩ ይወድቃል። እኔ ይህን ነገር ክፍል ውስጥ በቁጥር ሠርቼው ነበር፤ ትክክል ሠርቼም ስህተት ሠርቼም አውቃለሁ። በክር ሳየው ግን የወንድሜ ጭንቅላት መሬት የመታበት ምክንያት ነበር። ጎማዎቹን ሁለት ቀዳዳ ወደ ኋላ መለስናቸው። ዳገቱን ወጣው። ላዩ ላይ ደርሶ ቆመና ለረጅም ጊዜ ወደ ከተማው ተመለከተ።

ተኝቶ ሳለ የወጣበት ቁስል በእናቴ እጅ ቀስ እያለ ደርቆ ነበር። መቀመጥ ሲያበዛ ግን መቀመጫው ሥር፣ ግራና ቀኝ፣ ቆዳው ቀላ። እናቴ ስታየው ወንበሩን ገፍታ ወደ ውጭ አወጣችው።

"ይኼ ነገር ልጄን ሊገድልብኝ ነው! አልጋው ይሻለዋል።"

ወንድሜ አልተከራከራትም። "አሸዋ በሳፋ አምጪ፣ እርጥብ አድርጊው" አለኝ። አሸዋውን ደልድዬ ስስ ጨርቅ አለበስኩት። ተጋግዘን አስቀመጥነውና አነሳነው። ጨርቁን ስገልጠው አሸዋው ሜዳ ሆኖ ሁለት ቦታ ብቻ ጎድጉዷል። የመቀመጫው አጥንቶች ነበሩ። ያ ሁሉ ሰውነት፣ ያ በሬ የሚያነሳ ደረትና ትከሻ፣ ያረፈው እነዚያ ሁለት ጉድጓዶች ላይ ነው። እናቴ ጣቷን አንደኛው ውስጥ አስገባች። ጥልቀቱን እየለካች ይመስል አቆየችው። ከዚያ እጇን አራገፈችና፣ "ምን ዓይነት ጨርቅ ነው የምትፈልጉት?" አለች።

ትራሱን የሠራነው ከካላማዳሪያ፣ ጎማ ውስጥ ከሚነፋው ላስቲክ ነው። የብስክሌት ካላማዳሪያዎችን ቆርጠን፣ ጫፍ ጫፋቸውን አጣጥፈን በማስቲሽ ዘጋን፤ በጎን በኩል በቀጭን ቱቦ አያያዝናቸው፤ አየሩ ከአንዱ ወደ አንዱ እንዲሄድ። እናቴ ጎን ለጎን የሚተኙበት ኪስ ያለው ሽፋን ሰፋች። መጀመሪያ በደንብ ነፋነው፤ እንደ ድንጋይ ሆነ፤ አሸዋው ላይ ሞክረን ጉድጓዶቹ እንደዚያው ነበሩ። ወንድሜ ሳቀ። "በረሃውን ረሳችሁት? ቀንሱለት እንጂ!" ግማሽ አየሩን ስናስወጣለት ወደ ውስጥ ሰመጠና ትራሱ ዙሪያውን አቀፈው። አሸዋው ላይ ሁለት ጉድጓድ መሆኑ ቀርቶ አንድ ሰፊ ጎድጓዳ ሳህን የመሰለ ነገር ወጣ። ብዙ ከቀነስን ደግሞ አጥንቱ ታች ይነካል። ልኩን የሚያውቀው እጅ ነበር፤ እናቴ እጇን ከሥሩ አስገብታ በአጥንቱና በወንበሩ መካከል አየር መቅረቱን በጣቶቿ ታያለች። እሱም በክንዱ ራሱን ከመቀመጫው እያነሳ ሥጋውን ማሳረፍ ልማድ አደረገው፤ እያወራም፣ እየበላም፣ ብድግ ይልና ይቀመጣል። ቅላቱ ጠፋ። እናቴ ወንበሩን ራሷ ማጠብ ጀመረች።

በራሱ ሊሄድ የፈለገው የመጀመሪያ ቦታ የከብት መኪናዎቹ የሚቆሙበት ሜዳ ነበር። እናቴ አልወደደችውም። "እዚያ ምን አለህ?" አለችው። "ጓደኞቼ" አለ። እኔ አብሬው ሄድኩ፤ እንዳልገፋው አስጠንቅቆኛል። መንገዱ ላይ ሰው ቆሞ ያየው ነበር፣ ልጆች ይከተሉት ነበር። ላብ አጠመቀው። ሜዳው ስንደርስ ጭነት የሚያስተካክሉት ረዳቶች አንድ በአንድ ሥራቸውን አቆሙ።

የወደቀበትን መኪና ይነዳ የነበረው ሹፌር በአንድ መኪና ጎማ ጥላ ሥር ተቀምጦ ነበር። ናይሮቢ ሆስፒታል ድረስ ያደረሰው እሱ ነው፤ ከዚያ በኋላ ግን ቤታችን መጥቶ አያውቅም። ወንድሜን ሲያይ ብድግ አለ፣ እጁን ራሱ ላይ ጫነ።

"አልመጣሁም" አለ። "እስከ ሄሉ እየመጣሁ ተመልሻለሁ። እናትህን በየትኛው ዓይኔ ልያት?"

"ጉድጓዱን አንተ አልቆፈርከውም" አለው ወንድሜ።

"መሪው እኔ እጅ ነበር።"

"የእኔም እጅ ብረቱን ለቆ ነበር። በል አሁን ና፣ ይኼን ጎማ እይልኝ። ኩሽኔታው ይጮኻል።"

ሹፌሩ መሬት ላይ ተንበረከከ። ጎማውን ይዞ እያሽከረከረ፣ አንገቱን ደፍቶ አለቀሰ። ወንድሜ እጁን ጀርባው ላይ አሳረፈ። ሌሎቹ ረዳቶች ቀስ በቀስ ቀረቡን፤ አንዱ ቱቦውን ነካ፣ አንዱ ትራሱን ጠየቀ፤ ትንሽ ቆይቶ ሁሉም ስለ ወንበሩ ይከራከሩ ጀመር። ስንመለስ ወንድሜ ዳገቱ ላይ ደከመውና፣ "አሁን ግፊኝ" አለኝ።

ከዚያ በኋላ የነበሩት ዓመታት መልካም ነበሩ። በረንዳው ላይ ከእናቴ ስፌት መኪና ጎን ፉንዲው ለወንድሜ ዝቅ ያለ ጠረጴዛ አበጁለት፤ እሱም ብስክሌት ይጠግናል፣ የተሰበረ ዕቃ ይሰበስባል። እንደ እሱ ከተጎዱ ሰዎች ቤት እየጠሩት ወንበር ያስተካክላል። አስተማሪዬ ወደ ሌላ ወረዳ ተዛወሩ፤ የመጨረሻውን ቀን ሲሰናበቱን ከወንድሜ ጋር እጅ ለእጅ ተያይዘው ቆዩ። እኔ ትምህርቴን ጨርሼ የኮሌጅ ጥሪ እስኪመጣ ድረስ በአንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳይንስ ማስተማር ጀመርኩ።

በመጨረሻ ወንድሜን ያሳመመው ኩላሊቱ ነው። እንዲህ ዓይነት ጉዳት ያለበትን ሰው ኩላሊቱ እንደሚያሰጋው ሐኪሞቹ ነግረውን ነበር፤ ውሃ እናጠጣዋለን፣ እንጠነቀቃለን። ትኩሳቱ ሲነሳ ወባ መሰለን። ዝናብ ስለነበር ወደ ትልቁ ሆስፒታል የሚወስደው መንገድ ተቆርጧል፤ ሹፌሩ መኪናውን አስነስቶ በር ላይ ቆመ፣ ግን የሞያሌው ሐኪም ጉዞውን አይችለውም አለን። ሆስፒታሉ ውስጥ እኔና እናቴ ግራና ቀኙ ተቀመጥን።

"ቢያመኝ ኖሮ ቀድሜ አውቅ ነበር" አለኝ። ሲናገር ከንፈሩ ይደርቃል። "ለዚህኛው አሸዋ አላገኘንለትም።"

ውሃ በማንኪያ ሰጠሁት። እናቴ በልማዷ እጇን ከሥሩ አስገብታ ነበር፤ ካረፈም በኋላ ወዲያው አላወጣችውም።

ሐዘን ላይ ቤታችን ሞላ። ከማዶ፣ ከኢትዮጵያ በኩል፣ ከቡቲዬም ከሄሉም መጡ፤ ሹፌሮቹና ረዳቶቹ አብረው መጡ፤ ክርስቲያኑም እስላሙም ተቀመጠ። እናቴ ለብዙ ጊዜ የስፌት መኪናዋን አልነካችም። እኔ ክፍል ውስጥ ገብቼ አስተምራለሁ፤ ድምፄ ከሩቅ የሚመጣ ይመስለኝ ነበር።

የሐዘኑ ድንኳን ከተነሳ በኋላ አንዲት ሴት በአህያ ጋሪ ቦሪ ከሚባለው መንደር መጣች። ጋሪው ላይ በልጅነቷ ታማ እግሮቿ የቀጠኑባት ሴት ልጇ አለች። ሴትየዋ ወንድሜን በስሙ ጠራችው፤ ወንበር ይሠራል ሲሉ ሰምታ ነው። ማረፉን አልሰማችም። በቦረንኛ ስነግራት ሁለት እጇን አፏ ላይ አደረገች፣ ይቅርታ ጠየቀች፣ ለልጇ የሆነ ነገር ሹክ ብላ አህያውን ልታዞር ገመዱን ያዘች።

እናቴ ከውስጥ ወጣች። ልጅቷን አየቻት።

"ወዴት ነው የምትወስጃት?" አለች። "ከፀሐዩ አውርጃትና ተቀመጪ።"

የመለኪያ ሜትሯን አንገቷ ላይ አድርጋ ነበር የወጣችው። ከጋሪው ጎን ተንበርክካ የልጅቷን ጭን፣ ወገብ፣ ክንድ ለካች፤ ለቀሚስ እንደምትለካ። እኔን ቀና ብላ አላየችኝም። "አንቺ ደግሞ ፉንዲው ጋ ሂጂ" አለችኝ።

ያ ወንበር አስቸገረኝ። ሜዳ ላይ ሲሄድ የፊተኛው ጎማ እንደ እባብ ይወራጫል፤ መታጠፍ ሲገባው ይቀራል፣ መቅረት ሲገባው ይታጠፋል። የምጠይቀው ሰው አልነበረም። ከትምህርት ቤት እየተመለስኩ ግቢው ውስጥ ባዶውን እየገፋሁ፣ ጎንበስ ብዬ ጎማውን ብቻ ሳይ ሰነበትኩ። አንድ ቀን ወደ ኋላ ስጎትተው ጎማው በራሱ ዞረና ተረጋጋ፤ ወደ ፊት ስገፋው እንደገና ዞረ። ያኔ ገባኝ። ጎማው መሬት የሚነካበት ቦታ ከሚዞርበት ብረት ወደ ፊት ቀድሟል፤ መከተል ሲገባው እየመራ ነው። ፉንዲው ብረቱን ቆርጠው ወደ ኋላ አዘነበሉልኝ። በየዱት። ገፋሁት፣ ቀጥ ብሎ ሄደ።

ልጅቷ ልትወስደው ስትመጣ አዲስ ሻሽ አስራ ነበር። ስሟን ስትነግረኝ አፍራ መሬት መሬት ታያለች። አስቀመጥናት። እናቴ እጇን ከሥሯ አስገብታ በእጅ መርፌ ሽፋን የሰፋችለትን ትራስ አየችና ትንሽ አየር አስወጣችለት። ልጅቷ ጎማውን ያዘች፣ ፈራች፣ እንደገና ያዘች። በበሩ ወጥታ በመንገዱ ዳር ስትሄድ እናትየው ከኋላዋ በእጇ ልትደግፋት ትዘረጋለች፣ ትመልሳለች። እኔና እናቴ እስከ አጥሩ ሸኘናቸውና እዚያው ቆምን። ከቦሪ በኩል ነፋስ ነበር፤ አቧራው ሲነሳ ከዓይናችን ተሰወሩ። እናቴ ወደ በረንዳው ተመለሰች፣ ከሐዘኑ ጀምሮ የስፌት መኪናዋን የሸፈነውን ሸራ ገለጠች።